ሊያጸዱ ገብተው የቀሩ ሴሎች

በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ቪየና ውስጥ ካርል ሮኪታንስኪ የሚባል ሐኪም ነበር። ሥራው አስከሬን መመርመር ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሟቾችን እየከፈተ የሞታቸውን ምክንያት ሲፈልግ፣ ደምን ከልብ ወደ ሌላው አካል በሚያደርሱት ቧንቧዎች፣ ማለትም በደም ቅዳዎች ግድግዳ ላይ ቢጫማ እብጠት ደጋግሞ ያገኝ ነበር። አንዳንዱ ለስላሳ ነው፤ ሲቆርጡት ይፈሳል። አንዳንዱ ጠንክሮ ቢላዋ አያስገባም። ሮኪታንስኪ ይህ እብጠት ደም ውስጥ የሚዘዋወሩ ነገሮች በግድግዳው ላይ እየተለጠፉ የሚሠሩት ነው አለ። በእሱ አስተሳሰብ ቧንቧው ራሱ በነገሩ ውስጥ እጅ የለበትም፤ የሚለጠፍበት ብቻ ነው።

ጀርመናዊው ሩዶልፍ ፊርኾ በዚህ አልተስማማም። በ1856 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ችግሩ የሚጀምረው ከግድግዳው ውስጥ ነው ሲል ጻፈ። ውስጠኛው የቧንቧ ሽፋን ይቆጣል፣ ሴሎች ይበዛሉ፣ ስቡም በዚያ ላይ ይከማቻል። ለበሽታው የሰጠው ስም ራሱ ብግነትን፣ ማለትም ሰውነት ለጉዳት የሚሰጠውን የመቆጣት ምላሽ፣ የሚያመለክት ነበር።

ክርክሩ በእነሱ ዘመን አልተቋጨም። ሊቋጭም አይችልም ነበር፤ ምክንያቱም ያበጠው ግድግዳ ውስጥ የሚታዩት ሴሎች ምን እንደሆኑ፣ ከየት እንደመጡና ምን ሊሠሩ እንደገቡ ገና የሚያውቅ አልነበረም።

ፍንጩ የተገኘው ደም ቧንቧ ከሌለው እንስሳ ነው። በ1882 መገባደጃ ላይ የሩሲያው የእንስሳት ሳይንስ ምሁር ኢልያ ሜችኒኮቭ ከነቤተሰቡ በሲሲሊ ደሴት፣ በሜሲና ከተማ ተቀምጦ ነበር። አንድ ቀን ቤተሰቡ ሰርከስ ሊያይ ሲወጣ እሱ ከማይክሮስኮፑ ጋር ቤት ቀረ። የሚመለከተው የባሕር ኮከብ እጭ ነው። የእጩ አካል ብርሃን ስለሚያሳልፍ በውስጡ ወዲያ ወዲህ የሚሉት ሴሎች በሕይወት እንዳሉ ይታያሉ። ሜችኒኮቭ ድንገት አንድ ሐሳብ መጣለት፤ እነዚህ ተንቀሳቃሽ ሴሎች ሰውነትን ከባዕድ ነገር የሚከላከሉ ቢሆኑስ? ወደ ግቢው ወጥቶ የጽጌረዳ እሾህ ቀጠፈና በእጮቹ ቆዳ ሥር ሰካ። ውጤቱን ለማየት ከመጓጓቱ የተነሣ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም። ሲነጋ ሴሎቹ ከያሉበት ተሰብስበው እሾሁን ከበውት አገኛቸው።

ባዕድ ነገርን የሚውጡት እነዚህ ሴሎች ፋጎሳይት ተባሉ። ሜችኒኮቭ በ1908 ከፓውል ኤርሊኽ ጋር የኖቤል ሽልማት ሲካፈል የተሸለመው በሽታ የመከላከል አቅምን በሚመለከተው በዚህ ሥራው ነው። አብረውን የሚወለዱት ተከላካዮች፣ በትልልቆቹ ማክሮፌጆች፣ የእነሱ መነሻ በሆኑት ሞኖሳይቶችና ፈጥነው በሚደርሱት ኒውትሮፊሎች የሚመሩት፣ ጠላትን አስቀድመው ማወቅ አያስፈልጋቸውም። ባዕድ የመሰላቸውን፣ የሞተውንና የተበላሸውን ሁሉ ይውጣሉ። ቁስላችንን የሚያጸዱልን፣ በየቀኑ የሚሞቱትን ሴሎቻችንን የሚያነሡልን እነሱ ናቸው። ደም ቧንቧ ውስጥም ገብተው ያንኑ የጽዳት ሥራ እንደሚሠሩ፣ የሚያሳምሙንም በዚያው ሥራቸው እንደሆነ ለማወቅ ግን ብዙ አሥርት ዓመታት ፈጀ።

በዚያው በ1908 ቅዱስ ጴጥሮስበርግ ውስጥ አሌክሳንደር ኢግናቶቭስኪ የተባለ ሐኪም ጥንቸሎችን ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል መገባቸው። ደም ቅዳዎቻቸው ታመሙ። እሱ ጥፋተኛው ፕሮቲን ነው ብሎ ነበር። ሌሎች ተከታትለው ሲሞክሩት ነገሩ ወደ እንቁላል አስኳል ጠበበ። በ1913 ወጣቱ ኒኮላይ አኒችኮቭና ተማሪው ሴሚዮን ኻላቶቭ ከዚያም አልፈው ሄዱ፤ የተጣራ ኮሌስትሮል በሱፍ ዘይት አሟሙተው ለጥንቸሎች ሰጡ፣ ለሌሎቹ ደግሞ ዘይቱን ብቻ። ዘይቱን ብቻ የወሰዱት ደህና ሆኑ። ኮሌስትሮል የወሰዱት ግን በሳምንታት ውስጥ ከሰው ሕመም ጋር የሚመሳሰል እብጠት አወጡ።

አኒችኮቭ ያንን እብጠት ስስ አድርጎ ቆርጦ በማይክሮስኮፕ ሲያየው፣ ሆዳቸው በስብ ነጠብጣብ የተሞላ፣ ያበጡ ትልልቅ ሴሎች ታዩት። ነጠብጣቡ ከመብዛቱ የተነሣ ሴሉ አረፋ መስሏል፤ ዛሬም አረፋማ ሴሎች ይባላሉ። አኒችኮቭ ነጭ የደም ሴሎች ወደ ቧንቧው ግድግዳ እንደሚገቡና ከእነዚህ አረፋማ ሴሎች አንዳንዶቹ ከእነሱ እንደሚመጡ አስተውሎ ጽፏል። የሮኪታንስኪ ስብና የፊርኾ ሴል በአንድ የመስታወት ቁራጭ ላይ ጎን ለጎን ቆመው ነበር።

ዓለም ግን ወዲያው አልተቀበለውም። አይጥና ውሻ ላይ የሞከሩት ተመራማሪዎች ያንን ውጤት ስላላገኙ፣ ጥንቸል ሣር በል ስለሆነች ለሰው ማስረጃ አትሆንም ተባለ። በሽታው የእርጅና ጣጣ ነው የሚለው አመለካከት ለዓመታት ጸንቶ ቆየ። ይህን አመለካከት ክፉኛ ያናጋው የኮሪያ ጦርነት ነው። በ1953 የታተመ ጥናት በጦርነቱ የሞቱ 300 አሜሪካውያን ወታደሮችን ልብ መርምሮ፣ አማካይ ዕድሜያቸው 22 ዓመት ሆኖ ሳለ ከአራቱ በሦስቱ የልብ ቧንቧ ላይ በዓይን የሚታይ የበሽታ ምልክት አገኘ። በሽታው ሰውየው ከመታመሙ አሥርት ዓመታት ቀድሞ ይጀምራል ማለት ነው።

በ1958 ኦክስፎርድ ውስጥ ሃዋርድ ፍሎሪ፣ ፔኒሲሊንን ለመድኃኒትነት ያበቃው ሳይንቲስት፣ ከባልደረባው ፑል ጋር ወደ አኒችኮቭ ጥንቸሎች ተመለሰ። ኮሌስትሮል በበዛባቸው ጥንቸሎች ውስጥ ነጭ የደም ሴሎች በውስጠኛው የቧንቧ ሽፋን ላይ ተጣብቀው፣ ሰርስረውትም ወደ ግድግዳው ሲያልፉ አሳዩ። ከ10 ዓመት በኋላ ራልፍ ቫን ፈርትና ዛንቪል ኮን ሞኖሳይቶች ከአጥንት መቅኔ ተወልደው በደም ከተጓዙ በኋላ ወደ ሰውነት ሕብረ ሕዋሳት ገብተው ማክሮፌጅ እንደሚሆኑ አስረዱ። የሴሉ ጉዞ እንግዲህ ከመነሻው እስከ መድረሻው ተሠመረ።

ያም ሆኖ በ1970ዎቹ የብዙዎች ትኩረት ሌላ ሴል ላይ ነበር፤ በቧንቧው ጡንቻ ላይ። በሲያትል የሚሠራው ራስል ሮስ በሽታው የሚጀምረው ውስጠኛው ሽፋን ሲጎዳና የጡንቻው ሴሎች ለጥገና ሲባዙ ነው ይል ነበር። በ1981 ሮስ ጌሪቲ የተባለ ተመራማሪ ስብ የበዛበት ምግብ በተሰጣቸው አሳሞች ላይ ያሳተመው ሥራ ሚዛኑን አዞረው። በመጀመሪያው የሕመም ደረጃ ላይ ሞኖሳይቶች ከደም ወጥተው ግድግዳው ውስጥ ይገባሉ፤ ስብ ውጠው አረፋማ ይሆናሉ። ጡንቻው በኋላ ነው የሚከተለው።

በዚህ መሐል ዳላስ ውስጥ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ተፈጥሮ ነበር። ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን ሴሎች ኤልዲኤል የተባለውን ኮሌስትሮል ተሸካሚ ከደም የሚይዙበትን መያዣ አግኝተዋል፤ በ1985 ለኖቤል ያበቃቸውም ይህ ግኝት ነው። መያዣው በውርስ የጎደላቸው ልጆች ደማቸው በኮሌስትሮል ይጥለቀለቃል፤ በልጅነታቸውም በልብ ሕመም ይሞታሉ። ግራ የሚያጋባው ይኸውና፤ ኤልዲኤል የሚይዙበት መያዣ ከሌላቸው፣ ማክሮፌጆቻቸው ያን ሁሉ ስብ በምን ይውጡታል? ደግሞም ጤነኛ ማክሮፌጅ በሳህን ላይ አስቀምጠው ኤልዲኤል ቢያፈሱለት አያብጥም፤ ከሚበቃው በላይ አይወስድም።

መልሱ በ1979 መጣ። ኤልዲኤሉን በኬሚካል ለወጥ አድርገው ሲሰጡት ማክሮፌጁ ያለገደብ ዋጠው፤ ሳህኑም በአረፋማ ሴሎች ተሞላ። ማክሮፌጁ ሌላ መያዣ አለው። ይህ መያዣ የተበላሸ ነገርን ለማንሣት የተሠራ ነው፤ የመጀመሪያው መያዣ ሴሉ ሲጠግብ ራሱን ይቀንሳል፣ ይህኛው ግን የመጥገብ ምልክት የለውም። ቆሻሻ አንሺ ሆኖ የተቀጠረ ሠራተኛ፣ ከፊቱ ያለው ቆሻሻ እስካላለቀ ድረስ ከቦታው እንደማይነሣ ማለት ነው።

ታዲያ በሰውነት ውስጥ ኤልዲኤልን የሚያበላሸው ምንድን ነው? በሳን ዲየጎ ዳንኤል ስታይንበርግና ባልደረቦቹ በ1980ዎቹ የቧንቧው የራሱ ሴሎች ኤልዲኤልን በኦክስጅን እንደሚያበላሹት፣ የተበላሸውንም ማክሮፌጅ እንደሚሰለቅጠው አሳዩ። በዚህ ተስፋ ኦክስጅንን ይከላከላል የተባለው ቫይታሚን ኢ በሰፊው ተሞከረ። ከ9,500 የሚበልጡ ሰዎች የተሳተፉበትና በ2000 የታተመው ትልቅ ጥናት ግን ምንም ጥቅም አላገኘበትም። ግኝቱ ትክክል ቢሆንም የተመረጠው መድኃኒት አልሠራም። በዚህ ታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለው ነገር ተደጋግሞ ይመጣል።

1990ዎቹ ማስረጃው እንደ ጎርፍ የመጣበት ዘመን ነው። በ1991 ቦስተን ውስጥ ማይረን ሲቡልስኪና ማይክል ጂምብሮን፣ ኮሌስትሮል የበዛበት የቧንቧ ሽፋን ሞኖሳይትን የሚያጣብቅ ፕሮቲን እንደሚያወጣ አሳዩ። ጤነኛ ሽፋን የሚያልፈውን የደም ሴል አይዝም፤ የተቆጣው ግን ጠርቶ ያስገባዋል። በ1992 አፖኢ የሚባለው ጂን የጎደላቸውና እንደ ሰው ደም ቅዳቸው የሚታመም አይጦች ተገኙ። በእነዚህ አይጦች የሴሉን ጥፋተኝነት በቀጥታ መፈተን ተቻለ። ሞኖሳይት የሚያሳድገው ምልክት የጎደላቸው አይጦች፣ ደማቸው በኮሌስትሮል ተሞልቶ ሳለ እንኳ፣ ሕመማቸው እጅግ ያነሰ ሆኖ በ1995 ታየ። በ1998 ደግሞ ሞኖሳይት ወደ ግድግዳው የሚጠራበትን መቀበያ ያጡ አይጦች እንዲሁ ከሕመሙ በብዙ ዳኑ።

በሰው ላይም እንደዚሁ ነው። በ1994 አምስተርዳም ውስጥ በድንገተኛ የልብ ሕመም የሞቱ ሰዎችን ቧንቧ የመረመሩ ሐኪሞች፣ እብጠቱ የተቀደደበት ቦታ በማክሮፌጅ የተሞላ ሆኖ አገኙት። ብዙዎቻችን የልብ ቧንቧ የሚዘጋው ስቡ ቀስ በቀስ እየሞላው ይመስለናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚገድለው መቀደዱ ነው። እብጠቱን ከደሙ የሚለየው ጠንካራ ቆዳ አለ። ማክሮፌጆቹ ይህን ቆዳ የሚፈጩ ኢንዛይሞች ያፈሳሉ። ቆዳው ይሳሳል፣ ይቀደዳል። በውስጡ የነበረው ዝቃጭ ከደም ሲገናኝ ደሙ ይረጋል፤ የረጋው ደም ቧንቧውን በደቂቃዎች ውስጥ ይዘጋዋል። ጠዋት ደህና የነበረ ሰው ማታ የማይገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

በዚያው በ1994 በስካንዲኔቪያ 4,444 የልብ ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት፣ ሲምቫስታቲን የተባለው ኮሌስትሮል ቀናሽ መድኃኒት ሞትን በ30 በመቶ እንደቀነሰ አስታወቀ። የአኒችኮቭ ኮሌስትሮል ከ80 ዓመት በኋላ ሙሉ በሙሉ ተፈረደበት። በ1999 ራስል ሮስ በሽታው የብግነት በሽታ ነው ብሎ ማስረጃውን ሁሉ የሰበሰበ ጽሑፍ አሳተመ። የጉዳትና የጥገና ሐሳብ ያመነጨው ሰው፣ ማስረጃው ሲመራው ወደ ፊርኾ ጎን ተሻገረ። በዚያው ዓመት አረፈ።

ከዚያ የቀረው ጥያቄ ስቡ ሴሉን የሚያስቆጣው እንዴት ነው የሚል ነበር። በ2010 አንድ ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች ቡድን መልሱን አገኘ። ማክሮፌጅ ከመጠን በላይ ኮሌስትሮል ሲውጥ ኮሌስትሮሉ በውስጡ ስለታም ክሪስታል ይሆናል። ክሪስታሉ ሴሉ አደጋ የሚለይበትን መሣሪያ ያስነሣል፤ መሣሪያውም ኢንተርሊዩኪን-1 ቤታ የተባለውን የብግነት ጥሪ ይለቃል። ጥሪውን የሰሙ ሌሎች ሴሎች ይመጣሉ፤ እነሱም ይውጣሉ፤ እነሱም ይጠራሉ። ዕድሜያቸው አጭር ስለሆነ በእብጠቱ ውስጥ ሳይታወቁ የቆዩት ኒውትሮፊሎችም ዲኤንኤያቸውን እንደ መረብ ዘርግተው ቁጣውን እንደሚያባብሱ ቆይቶ ታወቀ። በ2012 የታተመ ሥራ ደግሞ የልብ ሕመም ራሱ ሰውነት ተጨማሪ ሞኖሳይት እንዲያመርት እንደሚያደርግና የሌሎቹን ቧንቧዎች ሕመም እንደሚያፋጥን በአይጦች አሳየ። አንዴ የታመመ ሰው ዳግም ለመታመም የሚቀርበው ለምን እንደሆነ ከዚህ ከፊሉን እንረዳለን።

የብግነቱ ሐሳብ ትልቅ ፈተና ውጤት የወጣው በነሐሴ 2017 ነው። ፖል ሪድከርና ባልደረቦቹ የልብ ሕመም ደርሶባቸው ከነበሩና ደማቸው ውስጥ የብግነት ምልክት ከታየባቸው 10,061 ሰዎች መካከል ለከፊሎቹ ካናኪኑማብ የተባለ፣ ኢንተርሊዩኪን-1 ቤታን ብቻ የሚይዝ መርፌ በየ3 ወሩ ሰጡ። መድኃኒቱ ኮሌስትሮልን አይነካም። ሆኖም በመካከለኛው መጠን፣ በ150 ሚሊግራም፣ ዳግም የልብ ሕመምን፣ ስትሮክንና በልብ ሕመም መሞትን በድምሩ 15 በመቶ ቀነሰ። ፊርኾ ከ160 ዓመት በፊት የተናገረው በሰው ላይ ተረጋገጠ። ጥናቱ ግን ሌላም ነገር አሳየ። መድኃኒቱን በወሰዱት ዘንድ ለሞት የሚያደርስ ኢንፌክሽን ጨመረ፤ ጠቅላላው የሞት ቁጥርም አልቀነሰም። ሜችኒኮቭ ያያቸውን ተከላካዮች ዝም ስናሰኛቸው ከእሾሁም መከላከላቸውን ያቆማሉ። መድኃኒቱ ለልብ ሕመም ፈቃድ አላገኘም።

ሌሎች መንገዶችም ተሞከሩ። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል እንደሚባለው፣ ብግነት ቀናሽ መባል ብቻ አልበቃም። ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚሰጠው ሜቶትሬክሴት በዝቅተኛ መጠን በ4,786 ሰዎች ላይ ተሞክሮ አልጠቀመም። ለሪህ ከጥንት ጀምሮ የሚታወቀው፣ ከአበባ ሥር የሚገኘው ኮልቺሲን ግን በ2019 እና በ2020 በወጡ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች፣ በቀን 0.5 ሚሊግራም ብቻ ተወስዶ፣ የልብ አደጋዎችን በ23 እና በ31 በመቶ ቀነሰ። መድኃኒቱ የኒውትሮፊሎችን እንቅስቃሴ ይገታል። በ2023 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለዚህ ዓላማ ፈቀደው። በ2024 ደግሞ የልብ ሕመም እንደደረሰ ወዲያውኑ በተጀመረላቸው 7,000 ገደማ ሕሙማን ላይ ጥቅሙ ሳይታይ ቀረ። ለማን፣ መቼ እንደሚሰጥ ገና እየተጠና ነው።

ዕድሜ ራሱ እነዚህን ሴሎች እንደሚያበላሽም በ2017 ተረጋገጠ። በዕድሜ የገፉ ሰዎች መቅኔ ውስጥ ጂኑ የተለወጠ አንድ የደም እናት ሴል ተባዝቶ ብዙውን ነጭ ደም ሊሞላው ይችላል። ከእሱ የሚወለዱት ማክሮፌጆች ቁጡ ናቸው፤ ባለቤቱም በልብ ቧንቧ ሕመም የመያዝ ዕድሉ ወደ እጥፍ ይጠጋል።

ይህን ሁሉ ታሪክ ስናየው የሮኪታንስኪና የፊርኾ ጠብ መፍትሔ ያገኘ ይመስለኛል። ስቡ ይጠራል፣ ሴሉ ይመጣል። ስቡ ባይኖር ሴሉ ምክንያት የለውም፤ ሴሉ ባይኖር ስቡ ብቻውን እብጠቱን አይቀድድም። ከሁለቱ ግን በሰላም ልንቀንሰው የምንችለው ስቡን ነው። በኢትዮጵያ ይህ ይበልጥ ያስፈልገናል። ሀገራችን የሳንባ ነቀርሳ ጫና ከበረታባቸው የዓለም ሀገራት አንዷ ናት፤ የነቀርሳውን ባክቴሪያ በሳንባችን ውስጥ ቀድመው የሚገጥሙትም እነዚሁ ማክሮፌጆች ናቸው። እነሱን የሚያዳክም መድኃኒት እዚህ ሀገር በጥንቃቄ እንጂ በጉጉት መታየት የለበትም። የደም ግፊትን መለካት፣ ኮሌስትሮልን መመርመር፣ ሲጋራን መተው፣ ሐኪም ያዘዘውን የኮሌስትሮል መድኃኒት ሳያቋርጡ መዋጥ ግን ተከላካዮቻችንን ሳይነኩ ጥሪውን ያበርዳሉ። በኮሪያ የወደቁት የ22 ዓመት ወጣቶች እንዳስተማሩን፣ የሚለካበት ጊዜ ሕመሙ ሲሰማ አይደለም፤ ምንም በማይሰማበት በጉልማሳነት ዘመን ነው።